በቤት ውስጥ ሳሙና፣ ክሬምና ቅባት ሠርቶ መሸጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳሙናና ቅባት እንደምሠራ የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ነገር አለው። ጥያቄዎቹ ደግሞ ይመሳሰላሉ። ዘይትን ወደ ሳሙና የሚለውጠው ኮስቲክ ሶዳ ያስፈራል። ክሬም ለምን እንደሚበላሽ ግልጽ አይደለም። ዋጋ ማውጣት ግራ ያጋባል። እኔም በዚሁ ሁሉ ስላለፍኩ የማውቀውን አንድ ቦታ ላይ ጽፌዋለሁ። አንዳንዱ መልስ ረዘም ይላል፤ ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ምን ብሠራ ይሻለኛል?

ውሃ የሌለበትን ነገር። ስለዚህ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ንገሪን ብትሉኝ የምነግራችሁ ይሄንን ነው፦ የምትሠሩት ነገር ውሃ አለበት ወይስ የለበትም? ባክቴሪያና ሻጋታ ያለ ውሃ አይራቡም። ሰምና ዘይት ብቻ ያለበት ቅባት ወራት ይቆያል። ውሃ የገባበት ክሬም ግን ማቆያ (ባክቴሪያና ሻጋታ እንዳይራባ የሚከላከል ነገር) ካልተጨመረበት በቀናት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ብዙ ጊዜም ለዓይን ሳይታይ ነው የሚበላሸው።

ስለዚህ እጃችሁን በከንፈር ቅባት አፍታቱ። 20 ግራም የንብ ሰም፣ 30 ግራም ሺአ በተር (ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ስብ)፣ 50 ግራም ፈሳሽ ዘይት። ሰሙ የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት። ድስት ውስጥ ውሃ አሙቁና በላዩ ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጣችሁ እዚያ ውስጥ አቅልጡት። ከዚያ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጣል አድርጉ። ሲረጋ በጣታችሁ ዳሰስ አድርጉት። ደርቆ ጥፍር የማያስገባ ከሆነ ትንሽ ዘይት ጨምሩ። ገና ስትነኩት የሚሟሟ ከሆነ ሰም ጨምሩ። የጨመራችሁትን መዝናችሁ ጻፉ፤ አለበለዚያ ያን ጥሩ ቅባት ሁለተኛ አታገኙትም።

ሺአ በተር ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ በውስጡ እንደ አሸዋ የሚሻክር ነገር ይፈጥራል። ተበላሽቶ አይደለም። በውስጡ ያሉት ስቦች የሚረጉበት ሙቀት ስለሚለያይ አንዳንዶቹ ቀድመው ይጓጉላሉ። እንደገና ሙሉ በሙሉ አቅልጡትና ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት።

ምን ምን ዕቃ ያስፈልገኛል?

ከሁሉ በፊት ሚዛን። በግራም የሚመዝን፣ ቢቻል እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን። በሲኒና በማንኪያ የሚለካ የሳሙና አሠራር ካያችሁ እለፉት። አንድ ሲኒ ዘይትና አንድ ሲኒ ውሃ ክብደታቸው እኩል አይደለም፤ ዘይት ይቀላል። ሳሙና ላይ የጥቂት ግራም ስህተት ቆዳ ያቃጥላል።

ከሚዛኑ ቀጥሎ ቴርሞሜትር፣ የእጅ ብሌንደር፣ የማይዝግ ብረት ድስት፣ የሲሊኮን ማንኪያና ቅርጽ ማውጫ፣ ረጅም ጓንት፣ ዓይንን ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር። የአሉሚኒየም ዕቃ ለሳሙና ፈጽሞ አይሆንም። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፤ ሲበላውም የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል። ለሳሙና የመደባችሁትን ዕቃ ደግሞ ወደ ምግብ አትመልሱት።

ኮስቲክ ሶዳ የሌለበት ሳሙና መሥራት እችላለሁ?

አይቻልም። ሳሙና ማለት ዘይትና አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ተዋህደው የሚወልዱት ነገር ነው። ለደረቅ ሳሙና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም ኮስቲክ ሶዳ፣ ያስፈልጋል። ለፈሳሽ ሳሙና ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ። ዘይቱና አልካሊው ሲዋሃዱ ሳሙናና ግሊሰሪን ይፈጠራሉ። በትክክል ከተሰላ ያለቀው ሳሙና ውስጥ ኮስቲክ ሶዳ አይቀርም፤ ሁሉም ተለውጦ አልቋል።

“ያለ ኮስቲክ ሶዳ” እየተባለ የሚሸጠው አቅልጦ የሚፈሰሰው ዝግጁ ሳሙና ነው። እሱንም ሌላ ሰው በፋብሪካ በአልካሊ ሠርቶታል። በሱ መጀመር ምንም ነውር የለውም። ስለ ቀለም፣ ስለ መዓዛና ስለ ማሸግ ያስተምራችኋል። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ብልህ ምርጫ ነው። ለገዢ ስትሸጡ ግን ምን እንደሆነ በግልጽ ንገሩ።

ኮስቲክ ሶዳ በጣም እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

መፍራታችሁ ጥሩ ነው። የማይፈራው ሰው ነው የሚያሳስበኝ።

ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ውሃው ነው የምትጨምሩት። ውሃውን ሶዳው ላይ ካፈሰሳችሁት በአንድ ጊዜ ግሎ ሊፈነዳና ፊታችሁ ላይ ሊረጭ ይችላል። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። ሶዳውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ አማስሉ። እሳት ሳይኖር በደቂቃ ውስጥ ከ80 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው እንፋሎት ጉሮሮ ይቆነጥጣል፤ መስኮት ከፍታችሁ ወይም ደጅ ሆናችሁ ሥሩት፤ ፊታችሁን ወደ ላዩ አትድፉ። የመስታወት ዕቃ አትጠቀሙ፤ ሙቀት ይችላል የተባለው እንኳ ሶዳው ቀስ በቀስ እየበላው አንድ ቀን በእጃችሁ ላይ ይሰነጠቃል። ከታቹ 5 ቁጥር ያለበት ወፍራም ፕላስቲክ ይሻላል።

ቆዳችሁ ላይ ከነካ ወዲያውኑ በሚፈስ ብዙ ውሃ እጠቡ፤ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ። ኮምጣጤ አታፍሱበት። አሲድና አልካሊ ሲገናኙ ሙቀት ስለሚፈጥሩ ቃጠሎውን ያባብሳል፤ ውሃውንም ያዘገይባችኋል። ዓይን ውስጥ ከገባ እያጠባችሁ ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት።

አንድ ነገር ልጨምር። የተበጠበጠ ኮስቲክ ሶዳ ሲታይ ንጹህ ውሃ ይመስላል። የመጠጥ ጠርሙስ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ለአፍታም ቢሆን። በምትሠሩበት ሰዓት ልጅም ድመትም ወደ ክፍሉ አይግባ። ስልኩ ይጩህ ተዉት።

የሶዳውን መጠን እንዴት ነው የማሰላው?

እያንዳንዱ ዘይት ሳሙና ለመሆን የሚፈልገው የሶዳ መጠን የራሱ ነው። 1 ግራም የወይራ ዘይት 0.134 ግራም አካባቢ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈልጋል። 1 ግራም የኮኮናት ዘይት ደግሞ 0.183 አካባቢ። ስለዚህ አንዱን ዘይት በሌላው በዘፈቀደ መተካት አይቻልም።

አንድ ምሳሌ አብረን እናስላ። 350 ግራም የወይራ ዘይትና 150 ግራም የኮኮናት ዘይት አለን እንበል። 350 ሲባዛ በ0.134 እኩል ይሆናል 46.9። 150 ሲባዛ በ0.183 እኩል ይሆናል 27.45። ድምሩ 74.35 ግራም። ይህን ሁሉ ካስገባን ዘይቱ አንድም ሳይቀር ሳሙና ይሆናል፤ ሚዛናችን ትንሽ ከሳተ ደግሞ ሶዳ ይተርፋል። ስለዚህ 5 በመቶ እንቀንሳለን፤ 70.6 ግራም ይሆናል። ያ ትንሽ ዘይት ሳይለወጥ ይቀርና ቆዳውን ያለሰልሳል፤ ለስህተትም መጠባበቂያ ነው። ውሃው የሶዳው እጥፍ፣ 141 ግራም።

ኢንተርኔት ላይ ነጻ የሳሙና ማስያዎች ሞልተዋል። ተጠቀሙባቸው። ሌላ ሰው የጻፈውን አሠራር ራሱ ሳታሰሉ አትሥሩ፤ የቁጥር ስህተት እየተቀዳ ይዞራል። ግን አንድ ጊዜ በእጃችሁ አስሉት። ማስያው ምን እያደረገ እንደሆነ ሲገባችሁ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

የትኛው ዘይት ምን ይሰጠኛል?

የኮኮናት ዘይት ጠንካራ ሳሙናና ብዙ አረፋ ይሰጣል። ሲበዛ ግን ቆዳ ያደርቃል፤ እኔ ከ30 በመቶ አላሳልፈውም። የወይራ ዘይት ለስላሳ ነው፤ አረፋው ትንሽና ቀጭን ነው፤ ለመድረቅም ጊዜ ይወስዳል። የጉሎ ዘይት ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲገባ አረፋው ቶሎ እንዳይጠፋ ያደርጋል፤ ከዚያ ካለፈ ሳሙናው ይጣበቃል። ሦስቱ ብቻ ለአንድ ዓመት ያህል ይበቋችኋል። አሥር ዓይነት ዘይት የሚሰበስብ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ግማሹ ቆይቶበት ይደፋዋል።

ሳሙናው ደርቆ ሳለ ለምን 4 ሳምንት እጠብቃለሁ?

ዘይትና ሶዳው በአብዛኛው በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ተዋህደው ያበቃሉ። ከዚያ በኋላ የምትጠብቁት ውሃው እስኪወጣና ሳሙናው እስኪጠነክር ነው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት የተለመደ ነው። በወይራ ዘይት ብቻ የተሠራ ከሆነ ወራት ይፈልጋል። ሳይቆይ የተሸጠ ሳሙና መታጠቢያ ቤት ውስጥ በሳምንት ሟሙቶ ያልቃል፤ ገዢውም አይመለስም።

ሳሙናዎቹን ተነባብረው ሳይሆን ተራርቀው ደርድሯቸው፤ አየር በዙሪያቸው ይለፍ። እኔ በየሳምንቱ አንዱን እመዝናለሁ። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርሷል ማለት ነው። ሌብል ላይ የሚጻፈውም የዚያን ቀን ክብደት ነው። ትኩሱ 110 ግራም የነበረ ሳሙና ደርቆ ከ100 በታች ሊወርድ ይችላል።

ሶዳ ተርፎበት እንደሆነ ከጠረጠራችሁ ጣታችሁን አርጥባችሁ ሳሙናውን አሹትና ጣቱን ምላሳችሁ ጫፍ ላይ ነካ አድርጉት። የሳሙና ጣዕም ብቻ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ባትሪ ነዘር ካደረጋችሁ ያ ሳሙና ለቆዳ አይሆንም።

ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ወጣበት። ብርቱካናማ ነጥብም አየሁበት። ተበላሸ?

ነጩ ዱቄት በአብዛኛው ሳሙናው ገና ሳይረጋ ሶዳው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተገናኝቶ የፈጠረው ነው። መልክ እንጂ ጉዳት የለውም። በእርጥብ ጨርቅ ወይም በእንፋሎት ይነሳል። ቅርጽ ማውጫውን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ብታሳድሩት ይቀንሳል።

ብርቱካናማው ነጥብ ሌላ ነገር ነው። ዘይቱ ቆይቷል ማለት ነው። አሽትቱት፤ የቆየ ዘይት ሽታ ይሸታችኋል። ለራሳችሁ ልብስ ማጠቢያ አድርጉት፤ አትሽጡት። የገዛችሁት ዘይት መቼ እንደተመረተ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለመዓዛ ቅርንፉድ የሚጠቀሙም አሉ። የቅርንፉድ ዘይት ሳሙናውን በሰከንዶች ውስጥ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ሊያደርቀው ይችላል። መጀመሪያ በትንሹ ሞክሩት።

ክሬምና ሎሽን ያለ ማቆያ መሥራት አይቻልም? እኔ ኬሚካል አልፈልግም።

ይህን ጥያቄ በጣም እረዳዋለሁ፤ እኔም እንደዚሁ እል ነበርና። የመጀመሪያ ክሬሜን የሠራሁት ከትኩስ እሬት ጭማቂ ነው። ቅጠሉን በእጄ ልጬ፣ ጨምቄ፣ ከዘይት ጋር መትቼ፣ በሚያምር ብልቃጥ አድርጌ ለአክስቴ ሰጠኋት። ደስ አላት። በሁለተኛው ሳምንት ጠራችኝ። ክዳኑን ከፍታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችልኝ። ጠርዙ ላይ የመርፌ ራስ የሚያካክሉ ግራጫ ነጥቦች ነበሩ። “የኔ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?” አለችኝ። ጠዋትና ማታ ፊቷን ስትቀባው ነው የከረመችው።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ይህ ነው። ሻጋታው በዓይን ሲታይ የመጨረሻው ምልክት ነው። ከዚያ በፊት ለስንት ቀን ውስጡ ሲራባ እንደቆየ ማንም አያውቅም። ነጥቡ ባይወጣ ኖሮ አክስቴ እስከ መጨረሻው ትቀባው ነበር።

ስለዚህ ውሃ፣ የአበባ ውሃ፣ እሬት፣ ወተት ወይም ሻይ የገባበት ክሬም ሁሉ ማቆያ ያስፈልገዋል። ቫይታሚን ኢ ማቆያ አይደለም። ከሮዝመሪ ቅጠል የሚወጣው ጭምቅም አይደለም። ሁለቱ ዘይት ቶሎ እንዳይሸት ይረዳሉ እንጂ ባክቴሪያን አይገድሉም። ማርና ኢሴንሻል ኦይልም (ከተክል የሚወጣ መዓዛማ ዘይት) በምንጠቀምበት መጠን አይበቁም። ፍሪጅ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።

ማቆያ ስትመርጡ ባክቴሪያንም፣ እርሾንም፣ ሻጋታንም የሚሸፍን ይሁን። ለምሳሌ ፊኖክሲኤታኖል ከሌላ ማቆያ ጋር ተቀላቅሎ በብዛት ይሠራበታል፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ1 በመቶ መብለጥ አይፈቀድም። ሶዲየም ቤንዞኤትና ፖታሲየም ሶርቤት ደግሞ የሚሠሩት ክሬሙ አሲዳማ ሲሆን ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ5 አካባቢ በላይ ከሆነ ኃይላቸው ይደክማል። ስለዚህ የፒኤች መለኪያ ወረቀት ግዙ። የአምራቹን መመሪያ አንብቡ፤ አብዛኞቹ ክሬሙ በረድ ካለ በኋላ ነው የሚጨመሩት።

ለ100 ግራም ቀላል ሎሽን ይህን ሞክሩ፦ 75 ግራም የተጣራ ውሃ፣ 19 ግራም ዘይት፣ 5 ግራም ኢሚልሲፋይንግ ዋክስ (ውሃና ዘይትን የሚያጋባ ሰም)፣ 1 ግራም ማቆያ። ውሃውን ለብቻ፣ ዘይቱንና ዋክሱን ለብቻ እስከ 70 ዲግሪ አሙቁ፣ ቀላቅሉ፣ በእጅ ብሌንደር ምቱ። የንብ ሰም ብቻውን ውሃና ዘይትን አያጋባም። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳትና በማግስቱ ውሃው ተለይቶ ከታች ያገኘዋል። ዕቃውን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት እጠቡና 70 በመቶ በሆነ አልኮል ጥረጉ። በአፈ ሰፊ ብልቃጥ ጣት ይገባል፤ በፓምፕ ጠርሙስ አይገባም። ፓምፑን ምረጡ።

ቆዳ የሚፈትገው ስክራብስ? ስኳርና ዘይት ብቻ ነው ያለው።

ስትሠሩት ውሃ የለበትም። ገዢው ግን ገላውን ሲታጠብ እርጥብ እጁን ይከትበታል። ስለዚህ ማቆያ ጨምሩበት፤ ወይም ለአንድ ጊዜ ብቻ በሚበቃ ትንሽ ዕቃ ሽጡት።

ተፈጥሯዊ ከሆነ ቆዳ አይጎዳም አይደል?

ይጎዳል። ኢሴንሻል ኦይል በጣም የተጨመቀ ነገር ነው። የቤርጋሞት (ብርቱካን መሰል ፍሬ) ዘይት ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥልና ጠባሳ ሊጥል ይችላል። ታጥቦ በማይነሳ ምርት ውስጥ ከ0.4 በመቶ እንዳይበልጥ የሽቶ ኢንዱስትሪው ራሱ ገደብ ያወጣለት ለዚህ ነው። የቀረፋ ልጣጭና የቅርንፉድ ዘይት ቆዳን ያስቆጣሉ። ለሰውነት ቅባት በአጠቃላይ 1 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለ100 ግራም 1 ግራም ማለት ነው። በጠብታ አትቁጠሩ። የጠብታ መጠን ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል።

ለሕፃናት የሚሠራ ነገር ላይ መዓዛ ባይገባ ይመረጣል። ለነፍሰ ጡሮችም ሐኪም ይጠየቅ።

የፀሐይ መከላከያ ክሬም ልሥራ?

አትሥሩ። እባካችሁ። ዚንክ ኦክሳይድ ገዝቶ ዘይት ውስጥ ማማሰል ቀላል ይመስላል። ግን ዱቄቱ እኩል ካልተበተነ አንዱ የቆዳ ክፍል ይሸፈንና ሌላው ባዶ ይቀራል። ምን ያህል እንደሚከላከል የሚታወቀው በላቦራቶሪ ብቻ ነው። ሰው እናንተን አምኖ ፀሐይ ላይ ይውላል።

ቀለምና አበባ እንዴት ላስገባ?

ሸክላ አፈር፣ ካካዎ፣ ማይካ (የሚያብረቀርቅ የማዕድን ዱቄት)፣ ኦክሳይድ ቀለሞች ሳሙና ውስጥ ይዘልቃሉ። የኬክ ቀለም ይለወጣል ወይም ይደበዝዛል። የላቬንደር አበባ ሳሙናው ውስጥ ከገባ በቀናት ውስጥ ይጠቁራል፤ ከሩቅ ሲታይ የአይጥ ኩስ ይመስላል። የካሊንዱላ የአበባ ቅጠል ግን ቢጫነቱን ይዞ ይቆያል። ቫኒላ ያለበት መዓዛ ነጩን ሳሙና ቡናማ ያደርገዋል።

ባዝ ቦምቤ (መታጠቢያ ውሃ ውስጥ የሚፍለቀለቀው ኳስ) ይሰነጠቃል፤ ወይም ያብጣል። ለምን?

እርጥበቱ ነው። 2 እጅ ቤኪንግ ሶዳ ለ1 እጅ ሲትሪክ አሲድ። በውሃ ምትክ አልኮል በትንሹ እየረጫችሁ ለውሱ። በእጃችሁ ስትጨብጡት ቅርጹን ከያዘ ይበቃል። ካበጠ በዝቷል፤ ከተሰነጠቀ አንሷል። አየሩ እርጥበት በበዛበት ቀን አትሥሩት።

መቼ ነው መሸጥ የምጀምረው?

አንዱን ምርት ሦስት ጊዜ ሠርታችሁ ሦስቱም አንድ ዓይነት ሲወጡ። ከዚያ በፊት የምትሸጡት ዕድላችሁን ነው።

ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ ዙር፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ለሠራችሁት፣ ቁጥር ስጡት፤ ቀኑን፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ክብደት፣ ከየት እንደገዛችሁት፣ ሙቀቱን፣ ያጋጠማችሁን ጻፉ። ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ፍሬ ለናሙና ለራሳችሁ አስቀሩ። ሌላ ሦስት ፍሬ ወስዳችሁ ደግሞ አንዱን ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱን ሙቅ ቦታ፣ አንዱን መታጠቢያ ቤት አስቀምጡና ለ3 ወር ተመልከቱ። ቀለሙ፣ ሽታው፣ ውፍረቱ ተለወጠ?

ለሰው ሲሰጥ ደግሞ መጀመሪያ ክንድ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ተቀብቶ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይጠበቅ። ቤተሰብ “በጣም ቆንጆ ነው” ይላችኋል፤ ስለሚወዷችሁ ነው። ስለዚህ “ወደድሽው ወይ?” ብላችሁ አትጠይቁ። “ስንት ቀን ቆየ? ከታጠብሽ በኋላ ቆዳሽ ወጠረሽ? ሌላ ሳሙና ትተሽ መልሰሽ ያነሳሽው እሱን ነው?” በሉ። መልሱ እዚያ ነው ያለው።

ፈቃድና ሌብልስ?

የምትኖሩበትንና የምትሸጡበትን አገር ሕግ ከመሸጣችሁ በፊት ጠይቁ፤ አገር ከአገር በጣም ይለያያል። ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት ማንኛውም ኮስሜቲክስ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ብቁ ባለሙያ ደኅንነቱን መርምሮ ሪፖርት መጻፍ አለበት። በቤት የተሠራ መሆኑ ነጻ አያወጣውም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በዋናነት ከዘይትና ከአልካሊ የተሠራና “ሳሙና” ተብሎ ብቻ የሚሸጥ ነገር እንደ ኮስሜቲክስ አይቆጠርም። “ቆዳ ያለሰልሳል” ብላችሁ ስትጽፉበት ግን ኮስሜቲክስ ይሆናል።

የቃላት ነገር በብዙ አገር ያስጠይቃል። “ኤክዜማ ያድናል”፣ “ብጉር ያጠፋል” ካላችሁ መድኃኒት እየሸጣችሁ ነው ማለት ነው። ሕጉ ባይኖር እንኳ አትበሉት። የታመመ ሰው ሐኪም ጋ መሄዱን ትቶ እናንተን ይጠብቃል።

ሌብሉ ላይ የምርቱ ስም፣ የተጣራ ክብደት፣ በውስጡ ያለው ሁሉ ከብዙው ወደ ትንሹ፣ የዙር ቁጥር፣ የመጠቀሚያ ጊዜ፣ የእናንተ አድራሻ ይኑር። መዓዛው ውስጥ አለርጂ የሚያስነሳ ነገር ካለ ይጻፍ። ለውዝ ነክ ዘይት ከገባበት በደማቁ ይጻፍ።

ዋጋ እንዴት ላውጣ?

ብዙ ሰው የዘይቱን ወጪ ብቻ ይደምርና ትንሽ ይጨምርበታል። በዓመቱ ደክሞት ያቆማል።

በቁጥር እንየው፤ ቁጥሩን በገንዘባችሁ ቀይሩት። 10 ሳሙና የሚወጣው ዙር ጥሬ ዕቃው 200 ፈጀ። መጠቅለያና ሌብሉ 50። መሥራት፣ መቁረጥ፣ ዕቃ ማጠብና መጠቅለል 2 ሰዓት ወሰደ፤ ሰዓታችሁን በ60 ብታሰሉት 120። መብራት፣ ጓንት፣ ትራንስፖርትና የተበላሸ ሙከራ 30። ድምሩ 400፤ አንዱ ሳሙና 40 ወጣበት ማለት ነው። በ40 ከሸጣችሁት ደሞዛችሁን አገኛችሁ እንጂ አላተረፋችሁም። በ50 ብትሸጡት ትንሽ ትርፍ አለ። ነገ ግን አንድ ሱቅ መጥቶ “በግማሽ ዋጋ ስጡኝና ልሽጥላችሁ” ይላል። በ25 ልትሰጡት ነው? ስለዚህ የችርቻሮውን ዋጋ ስታወጡ ገና ከመጀመሪያው የሱቁን ድርሻ አስቡበት። በዚህ ስሌት 40 የወጣበት ሳሙና በችርቻሮ ከ80 በላይ መሆን አለበት። “ውድ ነው” የሚል ገዢ ይኖራል። ትንሽ ሳሙና ሥሩለት እንጂ ሰዓታችሁን በነጻ አትስጡ።

ለመማር ኮርስ መክፈል አለብኝ?

ግዴታ አይደለም። ግን ኮስቲክ ሶዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነኩ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ቢኖር መልካም ነው። ኮርስ ከመረጣችሁ አሠልጣኙን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ “የሶዳውን መጠን እንዴት ነው የምታሰላው? ክሬሙ ውስጥ ምን ማቆያ ትጠቀማለህ?” በሲኒ ለክቶ የሚያስተምር ወይም “የእኔ ማቆያ አያስፈልገውም” የሚል ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

ስንት ዓይነት ምርት ይዤ ልውጣ?

ሁለት፤ ቢበዛ ሦስት። መዓዛ ሲጨምር ሌብል ይጨምራል፣ የተቀመጠ ዕቃ ይጨምራል፣ የሚቆይ ዘይት ይጨምራል። ሳሙናን በፕላስቲክ አፍናችሁ አትጠቅልሉ፤ ግሊሰሪኑ እርጥበት ስቦ ያላብበዋል። የወረቀት ቀበቶ ይበቃዋል። ገዢም አንስቶ ማሽተት ይፈልጋል።

አንድ ደንበኛ “ቆዳዬን አስቆጣኝ” ብትለኝስ?

መጀመሪያ መጠቀም እንድታቆምና በብዙ ውሃ እንድትታጠብ ንገሯት። እብጠት ወይም የመተንፈስ ችግር ካለ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ትሂድ። አትከራከሩ። “ሌላ ሰው ምንም አልሆነም” አትበሉ፤ የሷ ቆዳ የሷ ነው።

ከዚያ የዙሩን ቁጥር ጠይቋትና ደብተራችሁን ክፈቱ። ያስቀራችሁትን ናሙና አውጡ። ፒኤቹን ለኩ፤ አሽትቱት። ያንኑ ዙር ለገዙት ሁሉ ደውሉ። ስህተቱ የእናንተ ከሆነ የቀረውን ሰብስቡና ገንዘብ መልሱ። ካልሆነም የተቆጣችበትን ነገር ስም ጽፋችሁ ስጧት፤ ሌላ ቦታ ስትገዛ እንድታየው። ቀኑንና የነገረቻችሁን በዚያው ገጽ ላይ፣ ከዙሩ ቁጥር ሥር ጻፉት።